በመብራት ቆጣሪ ድሃና ሀብታም አይለይም

የቴሌብር ዝውውር፣ የመብራት ክፍያ፣ የሱቅ ደረሰኝ የመሳሰለ ዳታ ሲገኝ የኑሮ ልዩነት የሚያጠኑት ልጆች ደስ ይላቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ቤት ለቤት ዞሮ መጠይቅ ማስሞላት ገንዘብም ጉልበትም ይጨርሳል። ግን የጎንደርን የኑሮ ልዩነት ለካን ብለው ሲመጡ ዘንድሮም ያው ስህተት ነው።

አንድ ቆጣሪ ማለት አንድ ቤተሰብ ነው ብላችሁ አትነሱ! ከፒያሳ ወረድ በሉና አንዱን የኪራይ ግቢ ግቡ። አከራይዋ ፊት ለፊት ይኖራሉ፣ ጓሮው በሙሉ ተከራይ ነው፣ ሁሉም የሚስበው ከአንድ ቆጣሪ ነው። አንዷ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ቀጥሎ ያለው ተማሪ ያለችው አንድ አምፖልና የስልክ ቻርጀር ናት። ወር ሲደርስ አከራይዋ ምጣዱንና አምፖሉን እየገመቱ ሂሳቡን ያከፋፍላሉ፣ ጭቅጭቁም አይቀርም። ዳታው ላይ ግን ይሄ ሁሉ ሰው አንድ ደንበኛ ነው፤ ያውም ብዙ መብራት የሚበላ። በቃ፣ ካርታው ላይ ግቢው ሀብታም ሆኖ ቁጭ ይላል። የባሰው ደግሞ ታሪፉ ነው። ርካሹ እርከን እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። ተከራዮቹ ተደምረው ስለሚቆጠሩ፣ ያ አንድ አምፖል ያለው ልጅ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። ልትለኩት የሄዳችሁት ልዩነት እኮ ይሄ ነበር! እናንተ ሀብት ብላችሁ መዘገባችሁት። ግቢው ውስጥ ስንት ቤተሰብ ለብቻው ያበስላል ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል?

ቴሌብር የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጠው ሴት ጋ ግን አሁንም ብዙው በጥሬ ብር ነው። በዝውውር ዳታ ብቻ የጂኒን ቁጥር፣ ማለትም የገቢ ልዩነት መለኪያውን፣ ብታሰሉ፣ የለካችሁት ቀድሞውኑ ቴሌብር ውስጥ የገቡትን ሰዎች እርስ በርስ ነው። የባለሱቁ የግል ስልክ ደግሞ የሱቁ ካዝናም ነው፤ የገባለት ሁሉ ገቢው አይደለም።

ከሰል በማዳበሪያ የሚገዛ ሰው በወር አንዴ ነው የሚታያችሁ። በጣሳ የምትገዛዋ በየቀኑ ትመጣለች፣ ሂሳቡ ሲሠራም ለአንዱ ኪሎ የበለጠ የከፈለችው እሷ ናት። የግዢ ብዛት ቆጥራችሁ "ጥሩ ሸማች" እንዳትሏት። ዱቤም አለ፤ ወሩን ሙሉ ደብተር ላይ ሲጻፍ የከረመው ደመወዝ ሲወጣ ባንዴ ይከፈልና ትልቅ ግዢ ይመስላል።

የሁዳዴን 55 ቀን ከፋሲካ ሳምንት ጋር አታወዳድሩ። በጾም ከሥጋና ከቅቤ ሽያጭ ተነስቶ ማን አለው ማን የለውም ማለት አይቻልም።

ለምግብ የወጣውን ብር ብቻ ሳይሆን ከጠቅላላ ወጪው ያለውን ድርሻ እዩ። ጀርመናዊው ኤርነስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 ያሳየው ነገር ነው፤ ገቢ ሲያድግ የምግብ ድርሻ ይቀንሳል። ግን ደምቢያ ዘመድ ያለው ሰው ጤፉ ተጭኖ ይመጣለታል። እህል ስላልገዛ ሀብታም አይባልም፣ የተላከለትን ገምታችሁ ጨምሩ።

የክፍለ ከተማ አማካይም ብዙ አይነግራችሁም፤ እዚህ ከተማ ፎቁና የጭቃው ቤት በአንድ አጥር ነው የሚገናኙት።

ደግሞ ስምና ስልክ ቁጥር ከፋይሉ ላይ አጥፉ። ስሙን ብቻ ማጥፋት አይበቃም። ሰፈሩ፣ የቤተሰቡ ብዛትና የሚገዛበት ሱቅ ከታወቀ "ይቺማ እገሌ ናት" የሚል ጎረቤት አይጠፋም።