ጋቢ ያቃጠለ ማርሚታ፦ ክላሲክ ሞተር ብስክሌት ለረጅም ጉዞ ሲሰናዳ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሽታው ቀድሞ መጣ። ቨርጂኒያ ካለችው ፍሮንት ሮያል ተነሥቼ በስካይላይን ድራይቭ፣ በተራራው መንገድ፣ ሽቅብ ከያዝኩ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የተቃጠለ ፕላስቲክ አፍንጫዬን ወጋው። ከፊቴ የሚሄደው መኪና ነው ብዬ ዝም አልኩ። የጥጥ ጭስ ሲጨመርበት ግን ዳር ይዤ ቆምኩ። በቀኝ በኩል ያንጠለጠልኩት የጨርቅ ቦርሳ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ተለጥፎ ቀልጧል፤ ውስጡ ያለው፣ እናቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ ጋቢ መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ወጥቶበታል።

የምነዳው ሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ነው። አሜሪካ ውስጥ ኢንተርሴፕተር የሚለው ስም በሆንዳ የተያዘ ስለሆነ እዚህ የሚሸጠው አይኤንቲ 650 ተብሎ ነው። ክብ መብራቱ፣ እንባ የሚመስለው ሰልባቲዮው (የነዳጅ ታንኩ)፣ የሚያብለጨልጩት ሁለት ማርሚታዎቹ እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹን ዘመን ያስታውሳሉ። ውስጡ ግን የዛሬ ነው፤ ነዳጁን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ፍሬኑም ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ኤቢኤስ አለው። 47 የፈረስ ጉልበት፣ ያለ ነዳጅ 202 ኪሎ ግራም። ትራይምፍ ቦነቪልም ሆነ ሌላ የዚህ ወገን ሞተር ብስክሌት ያለው ሰው ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው ይመለከተዋል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ብስክሌት ቀላልና ያልተወሳሰበ ሆኖ ተሠርቶ ሳለ፣ ባለቤቱ ለረጅም መንገድ አዘጋጀሁት እያለ በሚጨምርበት ነገር ብዛት ይበላሻል። እኔም አበላሽቼዋለሁ።

ቦርሳን በመልኩ መምረጥ

ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ከክላሲክ ሞተር ብስክሌት ጋር ያምራል፤ ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ የማርሚታው አቀማመጥ ነው። በእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ላይ ማርሚታው ዝቅ ብሎ በግራም በቀኝም ወደ ኋላ ስለሚዘረጋ ቦርሳው የሚንጠለጠለው ልክ ከሚግለው ብረት በላይ ነው። ቤት ቆሞ ሲታይ በቂ ክፍተት ያለው ይመስላል። ሰው ሲቀመጥበት፣ ቀጥሎ ጉድጓድ ሲገባ ሞላው ይጨመቅና ክፍተቱ ይጠፋል። ስለዚህ ቦርሳውን ሞልተው ያንጠልጥሉ፤ ከዚያ ሁለት ጓደኞችዎ ከኋላ ወንበሩን በሙሉ ክብደታቸው ይጫኑት፤ እርስዎ ተንበርክከው ይመልከቱ። በዚያ ሁኔታ እንኳ በቦርሳውና በማርሚታው መካከል አራት ጣት ካላለፈ ከሻሲው ጋር በብሎን የሚታሰር መያዣ ብረት ያስፈልጋል። ብረቱ ቦርሳው ወደ ጎማው እንዳይገባም ይከለክላል። ፍሬቻው እንዳልተሸፈነ በዚያው ይዩ።

ቆዳ ደግሞ ዝናብ ይጠጣል። ቆዳ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ልብሱን ውኃ በማያስገባ ከረጢት ጠቅልሎ ይክተት።

ክብደትን ከኋላና ከላይ መከመር

አህያ የሚጭን ገበሬ ሁለቱን ስልቻ በእጁ አንሥቶ ሳያመዛዝን አይነዳም። እኛ ግን ፖርቶመጋላው (የኋላው ዕቃ መጫኛ) ላይ የመጣልንን ሁሉ እንከምራለን። ከኋላው ጎማ እምብርት አልፎ የተጫነ ክብደት እንደ መፈንቅል ሆኖ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ በአውራ ጎዳና ፍጥነት መሪው በእጅዎ ውስጥ መርገብገብ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰው ፍሬኑን ይወነጅላል ወይም ጎማው ሚዛን ስቷል ብሎ ጋራዥ ይሄዳል። መፍቻ፣ ቁልፍ፣ ውኃና ትርፍ ካላማዳሪ (ጎማ ውስጥ ገብቶ ነፋስ የሚይዘው ላስቲክ) ዝቅ ብለው ወደ ፊት ይጠጉ፤ ከላይ የሚቀመጠው የመኝታ ከረጢትና የመሰለው ቀላል ነገር ብቻ ይሁን።

የሞተር ብስክሌቱ የራሱ ክብደት ከነጭነቱ ሲደመርም ልክ አለው። እዚህ አሜሪካ የሚሸጥ እያንዳንዱ ሞተር ብስክሌት ከመሪው አንገት አጠገብ የተለጠፈ ጽሑፍ ላይ ይህ ልክ ተጽፎ ይገኛል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ሚዛን ላይ መውጣት ያለበት ጓዙ ብቻ ሳይሆን ነጂው ከነጫማውና ከነሄልሜቱ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ያላስፈለገኝን ነገር ማታ ድንኳን ውስጥ ዘርግቼ ስቆጥር ሦስት ሱሪ፣ ሁለት መጽሐፍና አንድ መጥረቢያ አገኘሁ። ጀበናውን ግን አልተውኩትም። አሁንም ከእኔ ጋር ይሄዳል፤ የሚሰበር ዕቃ ስለሆነ አስተሻሸጉን ጋቢው ያውቃል።

ጎማው ካላማዳሪ እንዳለው መርሳት

ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በራጂ (በቀጫጭን የብረት ዘንግ) የተወጠረ ቸርኬ የክላሲኩ ጌጥ ነው፤ በአብዛኞቹም ውስጥ ካላማዳሪ አለ። የኢንተርሴፕተሩም እንደዚያ ነው። በየመኪና ዕቃ መሸጫው የሚገኘው፣ ቀዳዳ ውስጥ ገመድ መሰል ጎማ የሚሰካው መጠገኛ ካላማዳሪ ለሌለው ጎማ የተሠራ ነው። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ሚስማር ሲወጋው ሌላ መንገድ የለም፤ ጎማው ወልቆ፣ ካላማዳሪው ወጥቶ ይለጠፋል ወይም ይቀየራል። አዲስ አበባ ቢሆን ጎሚስታ አይጠፋም። በብሉ ሪጅ ተራራ ጫፍ ላይ ግን ጎሚስታው እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ሥራውን ቤት ይለማመዱት። እኔ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ካርቶን አንጥፌ የሞከርኩት ቀን ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ፤ አዲሱን ካላማዳሪ በማውጫው ብረት ሁለት ጊዜ ቆንጥጬ ቀደድኩት። ምስጢሩን ያሳየኝ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። የጎማው ጠርዝ በአንድ በኩል አልወጣ ሲል ኃይል መጨመር አይጠቅምም፤ በተቃራኒው በኩል ጠርዙን በጉልበት ተጭኖ ወደ ቸርኬው መካከል፣ ጎድጎድ ወዳለው ቦታ ማስገባት ነው። ያን ጊዜ በወዲህ በኩል ላላ ይልና በትንሽ ብረት ይወጣል። ሲመለስም እንደዚያው ነው፤ የሳሙና ውኃ ይቀቡታል፣ ካላማዳሪው ቅርጽ እንዲይዝ ትንሽ ነፋስ ይሰጡታል፣ ከቫልቩ ትይዩ ጀምረው ቫልቩ ዘንድ ይጨርሳሉ።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ሁለት ወይም ሦስት ማውጫ ብረት፣ ካላማዳሪ፣ መለጠፊያ፣ የእጅ ወይም የባትሪ ፓምፕ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ የጎማውን ዘንግ የሚፈታው ቁልፍ ከሞተር ብስክሌቱ ጋር በመጣው ከረጢት ውስጥ መኖሩን በእጅዎ ፈትተው ያረጋግጡ። ራጂዎቹን ደግሞ በካቻቢቴ መታ መታ ያድርጓቸው። የተወጠረው ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ ደንቆሮ ነው።

ሞላውን ሳይነኩ መነሣት

የኋላው ሞላ በአምስት ደረጃ ይጠብቃል። ለብቻ በሚነዳበት ደረጃ ላይ እንዳለ ጓዝና ሰው ከተጫነበት ጀርባው ይቀመጣል፤ መታጠፊያ ላይ ይሰንፋል፤ የፊት መብራቱም ወደ ሰማይ ያያል። ማታ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ካበራብዎ ምክንያቱ ይህ ነው። የጎማው ነፋስም ለጭነት የተጻፈው ልክ ይሙላ፤ የሚለካው ግን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ይገፋል። የአባይን በረሃ የለመደ ሹፌር ከጎሃ ፅዮን ሲወርድ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ነው፤ ፍሬኑን የሚያስቀምጠው ለሚያስፈልግበት ቦታ ነው። በሁለት ጎማም ሕጉ አይለወጥም።

መቀመጫና ንፋስ

ጠፍጣፋው ወንበር ለሁለት ሰዓት ደግ ነው። ከዚያ በኋላ ስላለው ብዙ ባልናገር ይሻላል። ውድ የጄል ትራስ ገዝቼ አልረዳኝም፤ ሙቀት ይይዛል። የሠራልኝ አጎዛ ነው። የበግ ጠጉር አየር ያሳልፋል፣ ሰውነትንም አያጣብቅም፤ ፈረንጆቹም ይህን ደርሰውበት ወንበራቸው ላይ ያስራሉ። የንፋስ መከላከያ መስታወት ከተጨመረ ትንሽ ይሁን፤ ትልቁ ንፋሱን ከደረት አንሥቶ ሄልሜት ላይ ያደርገዋል፤ መሪውንም ያንገላታል።

ባትሪውን እንደ ቤት መብራት መቁጠር

የሚሞቅ ጓንት፣ የጭጋግ መብራት፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሚሞቅ ሰደሪያ። ሰደሪያው ብቻውን ከ60 ዋት በላይ ሊወስድ ይችላል። ሞተሩ የሚያመነጨው ስንት እንደሆነ፣ ከዚያም ራሱ የሚጠቀምበት ስንት እንደሆነ ሳይጠይቁ መደርደር ጠዋት የማይነሣ ሞተር ያተርፋል። የሚጨመረው ሁሉ የራሱ ፊውዝ ይኑረው፤ የሞተሩ ቁልፍ ሲዘጋም አብሮ ይጥፋ። ስልኩን በቀጥታ መሪው ላይ ማሰርም ሌላ ጣጣ አለው። አፕል ራሱ በ2021 የሞተር ብስክሌት ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ንዝረት የሚያበርድ መያዣ ይፈልጉ፤ አለዚያ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።

መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መለካት

ስካይላይን ድራይቭ 169 ኪሎ ሜትር ነው። በአውራ ጎዳና ቢሆን የሁለት ሰዓት መንገድ አይሞላም። እዚያ ግን የፍጥነቱ ወሰን በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው፤ አጋዘኑና ጭጋጉ ሲጨመርበት ግማሽ ቀን ይሄዳል። ከእሱ የሚቀጥለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ሰሜን ካሮላይና እስካለችው ቼሮኪ ድረስ 755 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወሰኑም ቢበዛ 72። በፓርክዌዩ ላይ አንድም ነዳጅ ማደያ የለም፤ ወጥቶ ወደ ከተማ መውረድ ግድ ነው። የኢንተርሴፕተሩ ሰልባቲዮ 13.7 ሊትር ይይዛል። እኔ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ማደያ መፈለግ እጀምራለሁ፤ ከ250 በላይ አልደፍርም። የሰሜን ካሮላይናው ክፍል በመስከረም 2024 በሄሊን አውሎ ነፋስ ክፉኛ ስለተጎዳ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ ሳያዩ አይነሡ። ጥቁር መስታወት ያለው ሄልሜትም አይመከርም፤ ፓርክዌዩ 26 ዋሻ አለው።

በመጨረሻው ሳምንት ሁሉን መቀየር

መሪ፣ ወንበር፣ ሞላና ቦርሳ በአንድ ሳምንት ከተቀየሩ፣ መንገድ ላይ ጀርባዎን ሲያምዎ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ይቀይሩ፤ ከነጓዙ አንድ ሙሉ ቀን ይንዱ፤ ከዚያ ሌላውን። ካቴናውም ጭነት ሲበዛ ውጥረቱ ስለሚለወጥ ከነጭነቱ ይታይ፤ በየ500 ኪሎ ሜትሩ ዘይት ይቀባ። አዲስ የታሰረ ብሎን በመጀመሪያው መቶ ኪሎ ሜትር ሊላላ ይችላል። እኔ በስካይላይን መካከል፣ ቢግ ሜዶውስ ለቤንዚን ስቆም ቁልፍ ይዤ አንድ ዙር እዞራለሁ፤ ባለፈው ጊዜ ያገኘሁት የቦርሳ መያዣው ዳዶ ነበር፤ በጣት የሚዞር ሆኖ።