ታግ ወይስ ስብስብ? ማስታወሻችንን የሚሰውሩብን ስህተቶች

ባለፈው ሰሞን አንድ አዘጋጅ ወዳጄ ደወለልኝ። "ያቺን የመቶ ብሯን ነገር የት ነበር ያነበብካት?" አለኝ።

የመቶ ብሯ ነገር ይህች ናት። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ፤ ከዚያ በላይ የሆኑትን ደግሞ የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤቱ ያዛቸው። ስለ አዲስ አበባ ቤቶች ስጽፍ ዓመታት ስለሆነኝ ማስታወሻው እንዳለኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ "ቀበሌ ቤት" ብዬ ፈለግኩ። የለም። "ኪራይ" አልኩ። ብዙ ነገር መጣ፣ እሱ ግን የለም። "መቶ ብር" አልኩ። ጭራሽ ባዶ። አዘጋጁ ስልኩ ላይ ዝም ብሎ ይጠብቃል። "ቆይ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሌላ ነገር ስፈልግ ራሱ ብቅ አለ። "ልዩ ልዩ" የሚል ስብስብ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማስታወሻ አያያዜን ቁጭ ብዬ መረመርኩ። ያገኘኋቸውን ጥፋቶች አንድ በአንድ ላውራችሁ። ስብስብ የምለው ማስታወሻዎችን በአንድ ስም ሥር የምናኖርበትን ዝርዝር ነው፤ ታግ የምለው ደግሞ ማስታወሻው ላይ የምንለጥፈውን መለያ ቃል። ምሳሌዎቼ በአብዛኛው ከዞቴሮ (የመጻሕፍትና የምንጮች መያዣ ፕሮግራም) እና ከኦብሲዲያን (የማስታወሻ መጻፊያ ፕሮግራም) ናቸው፤ የምሠራው በእነሱ ስለሆነ ነው።

ለሁለቱም አንድ ሥራ መስጠት

"ኪራይ" የሚል ስብስብ ነበረኝ። "ኪራይ" የሚል ታግም ነበረኝ። አንዳንዱን ማስታወሻ እዚያ እከታለሁ፣ አንዳንዱ ላይ ታጉን እለጥፋለሁ፣ ቀልጠፍ ባልኩበት ቀን ሁለቱንም አደርጋለሁ። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ሳስተያያቸው አይገጥሙም። ስለዚህ አንዱንም ማመን አልቻልኩም፤ ሁሌ ሁለቱንም መክፈት ግድ ሆነ።

መርካቶን አስቡት። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ተራው የሚነግራችሁ የት እንደምትሄዱ ነው። ሸማ ተራ ደርሳችሁ "ጥበቡ አረንጓዴ የሆነ፣ ለክርስትና የሚሆን" ስትሉ ግን የምትጠይቁት ስለ ዕቃው ጠባይ ነው። ጥበቡ አረንጓዴ ለሆነ ነጠላ ብሎ ሌላ ተራ የሚከፍት ነጋዴ የለም። እኛ ግን ማስታወሻችን ላይ ይህንኑ ስናደርግ እንገኛለን።

እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ይህ ነገር አንድ ቀን ያልቃል?" ስለ ኮንዶሚኒየም ዕጣ የምጽፈው ጽሑፍ ያልቃል። ስለዚህ ስብስብ ይሆናል፤ ጽሑፉ ሲወጣ ስብስቡም ይዘጋል። ኪራይ ግን አያልቅም፤ ነገም በሌላ ጽሑፍ ይመጣል። ስለዚህ ታግ ነው። ይህ ሕግ ለሁሉም ሰው አይሠራ ይሆናል። አስተማሪ ብሆን ስብስቦቼን በኮርስ እከፍል ነበር። ዋናው ነገር ሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ይዘው አለመገኘታቸው ነው።

ስብስቡን እንደ ሳጥን ማየት

ይህኛው የዞቴሮ ሰዎችን በጣም ያሳስታል። ስብስቦቹ በግራ በኩል ልክ እንደ ኮምፒውተር ፎልደር ተደርድረው ስለሚታዩ፣ አንድ ነገር አንድ ቦታ ብቻ የሚቀመጥ ይመስለናል። እኔም አዋጁን ለሦስት ጽሑፎች ስለፈለግኩት ሦስት ጊዜ አስገባሁት። ከዚያ አንዱ ላይ እርማት ጻፍኩ። ሁለቱ እንደተሳሳቱ ቀሩ።

የዞቴሮ ስብስብ የሚመሳሰለው ከሳጥን ይልቅ ከዘፈን ዝርዝር ጋር ነው። አንድ ዘፈን የሠርግ ዝርዝር ውስጥም፣ የመንገድ ዝርዝር ውስጥም ሊገባ ይችላል፤ ዘፈኑ ግን ያው አንድ ነው። አዋጁንም ወደ ሦስቱ ስብስቦች ጎትቶ መጣል ብቻ ይበቃ ነበር። ፋይሉ በየትኞቹ ስብስቦች ውስጥ እንዳለ ማየት ከፈለጋችሁ እሱን መርጣችሁ ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ማክ ላይ ኦፕሽን ተጭናችሁ ያዙ፤ ያለባቸው ስብስቦች ቀለማቸው ይለወጣል።

መሰረዝ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ። ስብስብ ውስጥ ሆናችሁ ዲሊት ብትሉ ከዚያ ስብስብ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ፋይሉ ዋናው ቤተ መጻሕፍታችሁ ውስጥ አለ። ከዋናው ላይ ዲሊት ካላችሁ ግን ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄዳል። ስብስቡን ራሱን ስትሰርዙም ሁለት ምርጫ ይመጣል፤ አንዱ ስብስቡን ብቻ፣ ሌላው ውስጡ ካሉት ጋር። ሳያነቡ "እሺ" ማለት የለመደች ጣት እዚህ ጋ ብዙ ዋጋ ታስከፍላለች።

ኦብሲዲያን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ፎልደሩ እውነተኛ ፎልደር ነው፤ አንድ ማስታወሻ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል። ጎግል ኪፕ ደግሞ ፎልደር የሚባል ነገር የለውም፤ መለያ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ከአንዱ መተግበሪያ የለመዳችሁትን ልማድ ወደ ሌላው ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት የእሱን ጠባይ ጠይቁ።

"ልዩ ልዩ" የሚለውን ስብስብ ግን ዛሬውኑ አጥፉት። ዞቴሮ የትም ስብስብ ያልገቡትን ለብቻቸው የሚያሳይ ቦታ አለው። "ልዩ ልዩ" ውስጥ የገባ ነገር የተመደበ መስሎ ከዚያም ይሰወራል። የእኔን ማስታወሻ የበላው ይኼው ነው።

"ሰርች አለ አይደል?" ማለት

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች "ታግ ምን ያደርጋል፣ ፍለጋ ይበቃል" ይላሉ። ለእነሱ እውነት ነው። "house" (ቤት) ብለው ሲፈልጉ "houses" (ቤቶች) የሚለውም አብሮ ይመጣል፤ መጨረሻው ላይ ፊደል ተጨመረ እንጂ መነሻው አልተነካም።

የእኛ ፊደል እንዲህ አይደለም። "ቤት" ብላችሁ ስትፈልጉ ኮምፒውተሩ የሚያየው ሁለት ምልክት ነው፤ "ቤ" እና "ት"። "ቤቱ" ውስጥ "ት" የለም፣ "ቱ" ነው። "ቤቶች" ውስጥ "ቶ" ነው። "ቤታችን" ውስጥ "ታ" ነው። ለእኛ አራቱም ቤት ናቸው። ለማሽኑ ግን አይዛመዱም። "በቤት" እና "የቤት" ይገኛሉ፤ ከፊት የሚጨመረው ችግር የለውም። የሚያመልጠን ከኋላ የሚረባው ነው።

የእኔን ማስታወሻ ልክ እንደተጻፈ ላሳያችሁ፦

"ትርፍ የቀበሌ ቤቶች፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ።"

"ቀበሌ ቤት" ብዬ ፈለግኩ፤ የተጻፈው "ቀበሌ ቤቶች" ነው። "ኪራይ" ብዬ ፈለግኩ፤ የተጻፈው "ኪራያቸው" ነው፤ "ይ" ወደ "ያ" ተለውጧል። "መቶ" ብዬ ፈለግኩ፤ የተጻፈው በቁጥር ነው። ሦስቴ ተኮስኩ፣ ሦስቴም ሳትኩ፤ ማስታወሻው ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ያየኛል።

በሳድስ ፊደል የሚያልቅ ቃል ሁሉ ይህ ዕጣ አለው። መሬት፣ ግብር፣ መንደር፣ ውል። ለጊዜው የሚረዳ አንድ ዘዴ አለ። የመጨረሻዋን ፊደል ጥላችሁ ፈልጉ። "ኪራ" ብትሉ ኪራይም፣ ኪራዩም፣ ኪራያቸውም ይመጣሉ። ለ"ቤት" ግን አይሆንም፤ "ቤ" ብቻ ብላችሁ ብትፈልጉ ዓለም ሁሉ ይመጣባችኋል።

ለዚህ ነው ታግ ለአማርኛ ጸሐፊ ከእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይልቅ ያስፈልገዋል የምለው። ጽሑፉ ውስጥ ቃሉ እንዳሻው ይርባ። ታጉ ግን አይረባም። "ኪራይ" ብላችሁ ከለጠፋችሁት ሁልጊዜ "ኪራይ" ነው።

ታጉን እጃችን እንዳመጣው መጻፍ

ግን ይህ የሚሠራው ታጉ ራሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ነው።

ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ። ስታነቧቸው አንድ ናቸው። ለማሽኑ አምስት ታግ ናቸው። የእኔ ዝርዝር ውስጥ "ሥራ" እና "ስራ" ለብቻ ለብቻ ነበሩ። ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ ዓይኔ ይይዛቸው ነበር። ግን በፊደል ተራ በ"ሠ" እና በ"ሰ" መካከል "ረ" አለ። በ"ረ" የሚጀምር ታግ ሁሉ መሃላቸው ገብቶ አለያይቷቸዋል። "ዓ" እና "አ" ደግሞ ከዚህም የባሰ ይራራቃሉ። "ዓለም" አንድ ጫፍ፣ "አለም" ሌላ ጫፍ።

የትኛው አጻጻፍ ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት እንተወው። ለታግ የሚያስፈልገው አንዱን ይዞ መጽናት ብቻ ነው። እኔ ያደረግኩት ይህን ነው። አንድ ማስታወሻ ከፍቼ የምጠቀምባቸውን ታጎች ሁሉ ጻፍኩበት፣ ከላይ ሰካሁት። ከዚያ ዝርዝር ውጪ አዲስ ታግ ስፈልግ መጀመሪያ እዚያ እጽፋለሁ። ነጠላ ቁጥር ብቻ፤ "ቤት" እንጂ "ቤቶች" አይደለም። "መጽሐፍ" እንጂ "መጻሕፍት" አይደለም። የሚያሻማ ፊደል የሌለው ሌላ ቃል ካለ ደግሞ እሱን እመርጣለሁ፤ "ዓመታዊ ሪፖርት" ከማለት "ሪፖርት" ብቻ ማለት ይቀላል። ኦብሲዲያን ታግ ውስጥ ክፍት ቦታ ስለማይቀበል "የቀበሌ_ቤት" ብላችሁ በሰረዝ አያይዙት።

መጀመሪያ አንድ ፊደል ስትጽፉ መተግበሪያው የቆዩ ታጎችን ያቀርብላችኋል። ከዚያ ምረጡ፤ እስከ መጨረሻው አትጻፉ። ዞቴሮ ላይ የተሳሳተውን ታግ በትክክለኛው ስም ብትሰይሙት ሁለቱ ይዋሃዳሉ። ሃያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ዓመትን ባዶውን መለጠፍ

"2007" የሚል ታግ ነበረኝ። ውስጡ ሁለት ዓይነት ነገር ተደባልቋል። የሕዝብና ቤት ቆጠራው አለ፤ እሱ በፈረንጅ 2007፣ በእኛ 1999 ግንቦት ላይ የተካሄደው ነው። የ2007 ዓ.ም. ምርጫ ማስታወሻም አለ፤ እሱ ደግሞ በፈረንጅ 2015 ነው። ስምንት ዓመት የሚራራቁ ነገሮች አንድ ጎጆ ገብተው ተቀምጠዋል።

አዋጁም እንደዚያው ነው። የአማርኛ ጽሑፎች 47/1967 ይሉታል፣ የእንግሊዝኛዎቹ 47/1975። አንድ አዋጅ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሁለት አድርጎ ይይዘዋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ላይ ሁልጊዜ ፊደል ጨምሩበት። እኔ "ዓም1967" እና "ፈረንጅ1975" እላለሁ። ኦብሲዲያን ቁጥር ብቻ የሆነ ታግ አይቀበልም። መጀመሪያ ሲያበሳጨኝ ነበር፤ አሁን ግን ደግ አደረገ እላለሁ።

ሌላ ሰው የለጠፈውን መሸከም

ዞቴሮ ከቤተ መጻሕፍት ካታሎግ መጽሐፍ ስትወስዱ የካታሎጉን የርዕስ ቃላትም ታግ አድርጎ ይዞላችሁ ይመጣል። አሥር መጽሐፍ አስገብታችሁ አርባ የማታውቁት ታግ ታያላችሁ። ሴቲንግ ውስጥ የሚጠፋበት ቦታ አለ። አጥፉት።

የማይነሳ "ይነበብ"

ይነበብ፣ ይጣራ፣ ይጠየቅ። እነዚህ የሁኔታ ታጎች ናቸው፤ መለጠፉ ቀላል ነው፣ ማንሳቱን ግን ሁሉም ይረሳዋል። አንብቤ፣ ጠቅሼ፣ አሳትሜ የጨረስኩት ጽሑፍ ላይ እስከ ዛሬ "ይነበብ" የሚል አገኛለሁ። ዞቴሮ ላይ እስከ 9 ታጎች ቀለም መስጠት ይቻላል። ቀለም የሰጣችሁትን ታግ በቁጥር ቁልፍ ትለጥፋላችሁ፤ ያንኑ ቁጥር ስትደግሙ ይነሳል። "ይነበብ"ን 1 ቁጥር አድርጌ ቀይ ቀባሁት። ቀይ ነገር ዓይን ይወጋል፤ ስለዚህ እንደጨረስኩ አነሳዋለሁ። ባይሆን ኖሮ እኔን ስለማውቀኝ አላነሳውም ነበር።

ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ለማስተካከል መነሳት

ይህንን ሞክሬዋለሁ። ጠዋት ቡና አፍልቼ ተቀመጥኩ፣ ማታ ላይ ከመቶ ያልበለጠ ማስታወሻ ነክቼ ተነሳሁ። ግማሹ ከእንግዲህ የማልከፍተው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልተመለስኩም።

አሁን የቆየውን አልነካውም። አንድ ማስታወሻ ለሥራ ስከፍት ብቻ፣ ከመዝጋቴ በፊት፣ ታጉን አስተካክላለሁ። የመቶ ብሯም ማስታወሻ በዚህ መንገድ ተስተካከለች። "የቀበሌ ቤት ታሪክ" የሚል ስብስብ ውስጥ ናት፤ ታጎቿ "ኪራይ"፣ "የቀበሌ_ቤት"፣ "አዋጅ" እና "ዓም1967" ናቸው። አዘጋጁ ግን መልሼ ስደውልለት ጽሑፉን ያለ እሷ አትሞት ነበር።