ፒ 0340 ሲመጣ ሴንሰር ለመግዛት አትቸኩሉ

ባለፈው ክረምት አንድ የታክሲ ሹፌር ቪትዙን ይዞ መጣ። ኮፋኖውን ከፈተና ሁለት የካምሻፍት ሴንሰር (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ የት እንደደረሰ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግር) እጄ ላይ አስቀመጠ። ሦስተኛው መኪናው ላይ ታስሯል። «ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ የሞተር ብልሽት መብራቱ ተመልሶ በራ» አለኝ። ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ዞሮ ነው የሚነሳው። ሲሞቅ ደግሞ መንገድ ላይ ይጠፋበታል።

ስካነሩ፣ ማለትም የብልሽት ቁጥር የሚያነበው መሣሪያ፣ ፒ 0340 አለ። ይህ ቁጥር ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ከካምሻፍት ሴንሰሩ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው መስመር ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ሴንሰሩ፣ ሶኬቱ፣ ሽቦው፣ ኮምፒውተሩ ራሱም ተጠርጣሪ ናቸው። አራት ተጠርጣሪ እያለ አንዱን ብቻ ደጋግሞ መቅጣት የሰው ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ በዓይን እዩ። አንዳንድ ቪትዝ ላይ ባለው በ1ኤንዜድ ሞተር፣ ሴንሰሩ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጫፍ፣ በካምቢዮ በኩል ነው። በ10 ቁልፍ ይፈታል። በካቴናው (ካምሻፍቱን በሚያዞረው ሰንሰለት) በኩል ያለው ሶኬት የቪቪቲ ቫልቭ፣ ማለትም የካምሻፍቱን ጊዜ በዘይት የሚያስተካክለው ነው፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ሶኬቱን ንቀሉና ውስጡን ተመልከቱ። ዘይት ገብቷል? አረንጓዴ ዝገት አለ? ሴንሰሩን ስታወጡት ደግሞ ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ተጣብቆ ከሆነ ጥረጉት።

ከዚያ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)። ሴንሰሩ ባለሁለት ሽቦ ከሆነ ኦም ላይ አድርጋችሁ ሁለቱን እግር ለኩ። 1ኤንዜድ ቀዝቃዛ ሳለ ከ1,630 እስከ 2,740 ኦም ያነባል። ሌላ ሞተር ላይ ቁጥሩ ይለያል። ባለሦስት ሽቦውን ግን በኦም አትለኩት። ቁልፉን ከፍታችሁ ሶኬቱ ላይ እንደ መኪናው ዓይነት 5 ወይም 12 ቮልት መምጣቱን፣ ነጌቲቩም መኖሩን አረጋግጡ።

ቀዝቃዛ ሳለ ደህና አንብቦ ሲሞቅ የሚበጠስ ሴንሰር አለ። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ሳይበርድ ወዲያው ለኩት። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው።

የሹፌሩን ሦስቱንም ለካሁ፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። የባትሪውን ነጌቲቭ ፈታሁ፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ነቀልኩ። ቴስተሩን ከሴንሰሩ ወደ ኮምፒውተሩ በሚሄደው በአንዱ ሽቦ ሁለት ጫፍ ላይ አደረግሁ። ዜሮ አካባቢ ያነባል፤ ጥሩ ነው። ሽቦውን ከጫፍ ጀምሬ በጣቴ እየነቀነቅሁ መጣሁ። ባትሪው ማስቀመጫ ጋ ስደርስ ንባቡ ጠፋ። ለቀቅ ሳደርገው ተመለሰ። ቴፑን ስልጠው ፕላስቲኩ በብረቱ ተፍቆ፣ መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። በሁለት ክር ብቻ ነበር የተያያዘው። የተበላሸውን ቆርጬ አዲስ ሽቦ በየድኩ፣ ሸፈንኩት፣ ብረቱን እንዳይነካም አርቄ አሰርኩት።

ስካነሩ ፒ 0016 ካላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካምሻፍቱና ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) አልተናበቡም ማለት ነው። ዘይቱን እዩ፤ መጠኑንም ንጽህናውንም። ካቴናው ረዝሞ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር እያያችሁ መኪናውን አትንዱት። ካቴናው ከዘለለ ቫልቭና ፒስተን ሊጋጩ ይችላሉ፤ ያኔ ወጪው ከሴንሰር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሹፌሩ ከሰጠኝ ሁለት ሴንሰሮች አንዱ መኪናው ይዞት የመጣው ኦሪጅናሉ ነበር። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን ጎሚኒውን ቀይሬ መልሼ አሰርኩት። እስከ ዛሬ የሚሠራው እሱ ነው።