ሃሚንግበርድንና ቢራቢሮን የሚስቡ የዱር አበቦችን ከዘር ማብቀል፦ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ጓሮዎች

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር ሰዎች አበባ የምናስበው በአብዛኛው ኤፕሪል ሲገባ ነው። የዱር አበባን ከዘር ለማብቀል ግን ትክክለኛው ወቅት ቅጠል ረግፎ ብርዱ የሚጠነክርበት፣ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ጃንዋሪ ያለው ጊዜ ነው። የአካባቢው አገር በቀል አበቦች ዘራቸውን የሚጥሉት ከብርዱ በፊት ስለሆነ፣ ዘሩ ወዲያው ቢበቅል ውርጭ ይፈጀዋል፤ በዚህም ምክንያት አብዛኛው ዘር ቀዝቃዛና እርጥብ ሳምንታት ካላለፉበት በቀር አይነቃም። በሜይ ወር ዘርተው ምንም ያልበቀለላቸው ሰዎች ዘሩን ይወቅሳሉ፤ የጎደለው ግን ብዙውን ጊዜ ብርዱ ነው።

ከመዝራት በፊት የሚመጣው እንግዳ ማን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በምሥራቅ አሜሪካ የሚራባው የሃሚንግበርድ ዓይነት አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሩቢ ትሮትድ የሚባለው፣ ወንዱ ጉሮሮው የሚያብረቀርቅ ቀይ የሆነ፣ ክብደቱ 3 ግራም ገደማ የሆነ ወፍ ነው። ብርዱን በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ አሳልፎ ወደ እኛ አካባቢ የሚደርሰው በኤፕሪል ነው፤ ስለዚህ በዚያ ወር የሚያብብ ነገር ሊያገኝ ይገባል። ለዚህ የሚሆነው በሳይንሳዊ ስሙ አኩዊሌጂያ ካናደንሲስ የሚባለው፣ ከፊል ጥላ የሚስማማው ቀይና ቢጫ ኮለምባይን ነው። በጁንና በጁላይ ቀዩ ቢ ባልም፣ ማለትም ሞናርዳ ዲዲማ፣ ይተካል፤ በኦገስት ደግሞ ሎቤሊያ ካርዲናሊስ የተባለው ደማቅ ቀይ አበባ ይከተላል። ይህኛው እርጥበት ይወዳል፤ የጣሪያ ውሃ የሚወርድበት ጥግ ካለ ለእርሱ ይሰጠው።

የቢራቢሮ ነገር ከዚህ ይሰፋል፤ ብዙ ጓሮዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። የአበባ ወለላ የሚመግበው የደረሰውን ቢራቢሮ ብቻ ነው፤ አባጨጓሬው የሚበላው ቅጠል ከሌለ ቢራቢሮው ጎብኝቶ ያልፋል እንጂ አይራባም። ሞናርክ የሚባለው ቢራቢሮ አባጨጓሬ የሚያድገው ሚልክዊድ በሚባል ተክል ቅጠል ብቻ ነው። ከሚልክዊድ ዓይነቶች አስክሌፒያስ ቱቤሮሳ ደረቅና ፀሐያማ ቦታ ሲስማማው፣ አስክሌፒያስ ኢንካርናታ ደግሞ እርጥብና ከባድ የሸክላ አፈርን ይችላል። የተክሉ ፈሳሽ መርዛማ ሲሆን ዓይንንም ስለሚጎዳ፣ ከነኩት በኋላ እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ስዋሎውቴይል የሚባለው ቢራቢሮ አባጨጓሬ ደግሞ እንስላልንና ጤና አዳምን ይበላል። ለቡናችን ብለን በማሰሮ የተከልነው ጤና አዳም ላይ ጥቁር ቀለበትና ቢጫ ነጠብጣብ ያለው አረንጓዴ አባጨጓሬ ሲታይ ብዙ ሰው ለቅሞ ይጥለዋል፤ እባካችሁ አትጣሉት፤ ያ አባጨጓሬ የምትጠብቁት ቢራቢሮ ራሱ ነው። አንድ ማሰሮ ለቡና፣ አንዱን ለእርሱ መትከል ይሻላል።

ለሴፕቴምበር የምመርጠው ቢደንስ አሪስቶሳን ነው። የእኛ አደይ አበባ የሚመደብበት ወገን ቢደንስ ስለሆነ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ይህም ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ቢጫ ሆኖ ያብባል። የአንድ ዓመት ተክል ቢሆንም ራሱን በብዛት ስለሚዘራ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከእርሱ ጎን አስተርና ጎልደንሮድ ቢጨመሩ፣ ወደ ሜክሲኮ ተራሮች የሚጓዙት ሞናርኮች በመንገዳቸው ስንቅ ያገኛሉ።

ዘር ሲገዛ ሳይንሳዊ ስሙ በማሸጊያው ላይ መጻፉን ማየት ይገባል። «የዱር አበባ ቅልቅል» ተብለው በርካሽ የሚሸጡት ፓኬቶች ብዙ ጊዜ ከሌላ አህጉር የመጡ አበቦችን ይይዛሉ፤ ለዓይን ያምራሉ፣ ለአባጨጓሬ ግን ብዙም አይጠቅሙም።

ለአብዛኞቹ አበቦች መሬቱ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ማግኘት አለበት። ሣሩን ለማጥፋት ቀላሉ መንገድ በጁን ወይም በጁላይ ካርቶን አልብሶ፣ በላዩ ድንጋይ ጭኖ እስከ ኖቬምበር መተው ነው። አፈሩን በጥልቀት መቆፈር አያስፈልግም፤ ከሥር የተኛውን የአረም ዘር ወደ ብርሃን ያወጣዋል። ማዳበሪያም አይጨመር፤ እነዚህ አበቦች በደካማ አፈር የለመዱ ስለሆኑ ማዳበሪያው የሚያሳድገው አረሙን ነው።

ሲዘራ ዘሩን ከእርጥብ አሸዋ ጋር አደባልቆ መበተን፣ ከዚያም በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጎ ከአፈሩ ጋር ማጣበቅ ይበቃል። የሎቤሊያና የኮለምባይን ዘር ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ ፈጽሞ አፈር አይልበስ፤ የሚልክዊድ ዘር ግን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ቢሸፈን ደስ ይለዋል።

ጓሮ ለሌለው፣ በረንዳ ላይ የአንድ ጋሎን የወተት ፕላስቲክ ይበቃል። ታችኛውን ክፍል በሚስማር ደጋግሞ መብሳት፣ ወገቡን ዙሪያውን ቆርጦ አንድ ጎኑን ሳይቆረጥ መተው፣ 10 ሴንቲሜትር ያህል የዘር አፈር ሞልቶ ማራስ፣ ዘርቶ በፕላስተር ማሸግ፣ ክዳኑን ግን አውልቆ መጣል ነው፤ ዝናቡና በረዶው በአፉ ይገባል። ስሙንና ቀኑን ጽፎ ዝናብና በረዶ በሚያገኘው ቦታ ደጅ መተው ነው፤ ኤፕሪል ላይ ይበቅላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ የቡቃያ ቅጠሎች ቀጥሎ የሚመጣውን) ሲያወጣ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ብርዱ ያለፈበት ሰው ደግሞ የሚልክዊዱን ዘር በእርጥብ አሸዋ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ለ30 ቀን በፍሪጅ ማቆየት ይችላል።

በመጀመሪያው ዓመት ከብዙዎቹ አበባ አይጠበቅ፤ ጉልበታቸው ሥር ላይ ነው። በዚያ ዓመት ዋናው ሥራ አረም መንቀልና፣ ዝናብ በጠፋበት ሳምንት ውሃ ማጠጣት ነው። ፀረ ተባይ ግን በምንም ዓይነት አይረጭ፤ ሃሚንግበርድም ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በትናንሽ ነፍሳትና በሸረሪት ስለሆነ፣ መርዙ አባጨጓሬውንም የወፉንም ማዕድ ያጠፋል። ሚልክዊድ ላይ የሚሰፍረው ቢጫ ክሽክሽ በውሃ ግፊት ይወርዳል፤ ውሃውን ከመርጨት በፊት ግን የሞናርክ እንቁላል አለመኖሩን ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ያስፈልጋል።

የሠፈር ማኅበር የሚቃወም ከሆነ፣ በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ሕግ ማኅበራት እንዲህ ያለውን የአበባ ቦታ ያለ በቂ ምክንያት እንዳይከለክሉ እንደሚያግድ ማስታወስ ይጠቅማል። ዳር ዳሩን በድንጋይ አጥሮ ንጹሕ ማድረግም ቅሬታውን ያቀላል። ደርቆ የቆመውን አገዳ በመጨረሻ የሚቆርጡት በብርዱ መግቢያ ሳይሆን ኤፕሪል ላይ፣ አየሩ ሞቅ ሲል ነው፤ በአገዳው ውስጥና በረገፈው ቅጠል ሥር ክረምቱን የሚያሳልፉ ነፍሳት እስከዚያ ድረስ አይወጡምና።