አዲስ ኢንዲ ሙዚቃ ስትፈልጉ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠበቁ

በካሴት ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ አዲስ ሙዚቃ የፈለገ ሰው የሚሄደው ካሴት ቤት ነበር። ባለሱቁ የደንበኛውን ጆሮ ያውቃል፤ «ይህን ወስደህ ስማው» ይላል። ዛሬ በእርሱ ቦታ የተቀመጠው የስልካችን መተግበሪያ ነው። ኢንዲ የሚባለውን፣ ማለትም ከሦስቱ ግዙፍ የሙዚቃ አሳታሚዎች ከዩኒቨርሳል፣ ከሶኒና ከዋርነር ውጭ የሚወጣውን ሙዚቃ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያ ስህተቱ ፍለጋውን በሙሉ ለዚህ መተግበሪያ መተው ነው። መተግበሪያው ትናንት የሰማችሁትን የሚመስል ነገር መርጦ ያቀርባል፤ የማታውቁትን ግን ራሳችሁ ካልሄዳችሁበት አይመጣላችሁም።

ሁለተኛው ስህተት ከሙዚቀኛው ሌላ በሥራው ላይ የሰፈሩትን ስሞች ሳያነቡ ማለፍ ነው። እኔ አብዝቼ የምወዳቸውን ሙዚቃዎች ያገኘሁት እነዚህን ስሞች በመከተል ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሚካኤል ሰይፉን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንደወደድኩት ማን እንዳሳተመው ፈለግሁ፤ ዋሽንግተን ዲሲ ያለ 1432 አር የተባለ አነስተኛ አሳታሚ ሆኖ ተገኘ። የአሳታሚውን ዝርዝር ስከፍት ደግሞ «ኢትዮጵያን ሬከርድስ» በሚል ስም የሚሠራው እንደገና ሙሉ እዚያው ነበር። ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ2016 ሌላ ሥራውን ያወጣው በኒውዮርክ ነጻ አሳታሚ በኩል ነው፤ የእነርሱን ዝርዝር እስካሁን ሰምቼ አልጨረስኩም። አነስተኛ አሳታሚ በዓመት የሚያወጣው ጥቂት ሥራ ነው፤ እያንዳንዱንም ወዶና አምኖበት ይመርጠዋል። አንዱን ከወደዳችሁለት ቀጣዩንም ስሙለት። አቀናባሪውን፣ ቤዝ የተጫወተውን፣ ሚክሲንጉን (ድምፆቹን የማዋሃዱን ሥራ) የሠራውንም በማስታወሻ ያዙ። አባቶቻችን ከካሴት ሽፋን ላይ ያነቡት የነበረው ይህንኑ ነው።

አርብን ብቻ መጠበቅም ያሳስታል። ከሐምሌ 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ አርብ በዓለም ዙሪያ የአዳዲስ አልበሞች መውጫ ቀን ሆኗል፤ የዕለቱ ዝርዝርም በታዋቂ ስሞች ይጨናነቃል። ብቻውን የሚሠራ ሙዚቀኛ ግን ማክሰኞ ሌሊት ሥራውን ባንድካምፕ በተባለው፣ ሙዚቀኞች ሥራቸውን ለአድማጭ በሚሸጡበት ድረ ገጽ ሊለቅ ይችላል። እዚያ ሙዚቀኛውን ወይም አሳታሚውን ብትከተሉ አዲስ ሥራ ሲወጣ በኢሜይል ይነገራችኋል።

«ቋንቋውን አላውቀውም» ብሎ መተው ከድሬዳዋ ሰው አፍ ስሰማው በጣም ያሳዝነኛል። የከተማችን ልጅ ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛና በስዋሂሊ ዘፍኗል። በአንድ የሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ቋንቋ እየሰማ ያደገ ጆሮ ለፖርቱጋልኛ ወይም ለኮርያኛ ዘፈን እንግዳ ሊሆን አይገባውም።

ባጃጅ ውስጥ በስልክ ድምፅ ማጉያ አንድ ጊዜ ሰምቶ መፍረድም ደግ አይደለም። ትንሿ ማጉያ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ አታሰማም፤ አንዳንዱ ሙዚቃ ደግሞ የተሠራው በቤዙ ላይ ነው። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር በጆሮ ማዳመጫ ድገሙት። ዘግይቶ የሚገባ ሙዚቃ አለ። መቶ አልበም አከማችቶ አንዱንም አለመጨረስም ያው ነው።

የመጨረሻው ስህተት የወደዱትን ሥራ ፋይሉን በቴሌግራም ማሰራጨት ነው። ለወዳጃችሁ ሙዚቀኛው ራሱ ሥራውን ያወጣበትን ገጽ አድራሻ ላኩለት፤ ቢያንስ የሰማው ሰው ቁጥር ከሙዚቀኛው ዘንድ ይደርሳል። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ የሚወስደው ድርሻ 15 በመቶ ሲሆን በተመረጡ አርቦች ያንንም ይተወዋል፤ ስለዚህ የከፈላችሁት አብዛኛው ለሠራው ሰው ይሄዳል። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። እኔ ባለፈው ዓመት ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ «ለበዓል ምን ልላክልህ?» ስትለኝ የአንድ አልበም አድራሻ ላክሁላት። በማግስቱ ሙሉ አልበሙ ስልኬ ላይ ነበር፤ ከሙዚቀኛውም አጭር የምስጋና መልእክት ደርሷት ነበር።