ቫርኒሽና ቀለም ላይ ፒግመንት ሲጨመር የሚያጋጥሙ ብልሽቶች፦ ምልክታቸው፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

በትንሽ ጠርሙስ ወይም በቱቦ የሚሸጠው ወፍራም ፒግመንት (ማቅለሚያ) በጥቂት ጠብታ ብቻ የአንድ ጣሳ ቀለምን መልክ ይለውጣል፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ጉልበቱ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው መልክ የሚሰጠው እጅግ የደቀቀ ዱቄት ሲሆን ሁለተኛው ያንን ዱቄት ተሸክሞ የሚያመጣው ፈሳሽ ነው። ዱቄቱን ሁሉም ያየዋል፣ ፈሳሹን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው፤ ከዚህ በታች ከሚነሱት ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ግን ከፈሳሹና ከመጠኑ ነው። ስለዚህ ምልክቱ እንጨቱ ወይም ግድግዳው ላይ ቢታይም ምርመራው ከጣሳው ይጀምራል።

ፒግመንቱ ሲገባ ቀለሙ እንደ ተበላሸ ወተት ተቋጠረ

ከብልሽቶች ሁሉ ይህ ይሻላል፤ ቢያንስ እንጨቱ ሳይነካ ይታወቃል። መንስኤው የሁለቱ ፈሳሾች አለመስማማት ነው። በዘይት የተለወሰ ፒግመንት በውሃ የሚቀጥን ቀለም ውስጥ ሲገባ ይቋጠራል ወይም ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። «ለሁሉም ቀለም የሚሆን» ተብሎ የሚሸጠው ማቅለሚያ አብዛኛውን ጊዜ ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ የተለወሰና ከውሃም ከዘይትም ጋር የሚያስማሙ ነገሮች የተጨመሩበት ስለሆነ ለፕላስቲክ ቀለምም ለዘይት ቀለምም በልኩ ያገለግላል፤ ነገር ግን «ለሁሉም» ሲባል በእርግጥ ለሁሉም ማለት አይደለም። በተለይ ማጠንከሪያ ተጨምሮበት በሚደርቀው ባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ቫርኒሽ ውስጥ ማስገባት ትልቅ ስህተት ነው። በማጠንከሪያው ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት ከውሃም ከግላይኮልም ጋር ስለሚዋሃድ ቫርኒሹን ማጠንከር የነበረበት ጉልበት ማቅለሚያው ላይ ያልቃል፤ ውጤቱም አረፋ የቋጠረ፣ ለስላሳ ሆኖ የሚቀር ሽፋን ነው።

የተቋጠረ ቀለም በማጥለልም በማማሰልም አይመለስም፣ ይጣላል። ለሚቀጥለው ጊዜ ግን ሁለት ማንኪያ ቫርኒሽ በብርጭቆ ቀድቶ አንድ ጠብታ ፒግመንት መጨመር፣ በደንብ አማስሎ ሩብ ሰዓት ማቆየትና ዘንበል ባለ የመስታወት ቁራጭ ላይ ማፍሰስ ይበቃል። ድብልቁ እኩል ሆኖ ከወረደ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ ሲወርድ አሸዋ የመሰለ ነገር በመስታወቱ ላይ ጥሎ ካለፈ አልተስማሙም። ለናይትሮ ላከር (በቲነር ለሚቀጥነው ቶሎ ደራቂ ቫርኒሽ) ከቲነሩ ጋር የሚስማማ፣ ለባለ ሁለት ክፍል ፖሊዩሬቴን ደግሞ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ማቅለሚያ መፈለግ ያስፈልጋል።

ብሩሹ በሄደበት ደማቅ መስመር ወይም ነጥብ ይታያል

ይህ ያልተበተነ ፒግመንት ነው። ወፍራሙ ማቅለሚያ በቀጥታ ትልቅ ጣሳ ውስጥ ሲጨመር ከፊሉ ሳይፈታ ወደ ታች ይወርዳል፤ ላዩ ሲታይ የተዋሃደ ቢመስልም ብሩሽ ወይም ሮለር ሲጫነው ትንሿ ጓል ፈርጣ መስመር ታሰምራለች። መፍትሄው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ፒግመንቱ በመጀመሪያ በትንሽ ዕቃ ውስጥ ከራሱ ከሚቀባው ቫርኒሽ ጥቂት እየተጨመረበት እንደ ቀጭን ቅባት እስኪሆን ድረስ ይታሻል፤ ከዚያ ወደ ዋናው ጣሳ ይገለበጣል፤ በመጨረሻም በቀለም ማጥለያ ወይም በሴቶች ስስ ናይሎን ካልሲ ይጠለላል። ቀለም በድሪል ላይ በሚገጠም ማማሰያ ቢመታ ችግር የለውም፣ ቫርኒሽ ግን አረፋ ስለሚይዝ ጠፍጣፋ ጫፍ ባለው እንጨት ከታች ወደ ላይ ቀስ ተብሎ መማሰል አለበት። ፒግመንት እንደ ጨው የሚሟሟ ነገር ስላልሆነ ሥራው በሚቀጥልበት ጊዜ ሁሉ መዝቀጡን አያቆምም፤ በየጥቂት ደቂቃው ሳያማስል የሚቀባ ሰው የመጀመሪያውን በር ፈዘዝ፣ የመጨረሻውን ደግሞ ጠቆር አድርጎ ይጨርሳል።

ሁለት መልኮች ተለያይተው ላዩ ላይ ተንሳፈፉ

ለምሳሌ ግራጫ የተቀባ ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ጥላ የመሰለ ዝንጉርጉር ሲታይ፣ ወይም በሮለርና በብሩሽ የተቀቡት ቦታዎች ከአንድ ጣሳ ተቀድተው ሳለ መልካቸው ሲለያይ፣ ቀለል ያሉት የፒግመንት ቅንጣቶች ከከባዶቹ ተለይተዋል ወይም አንደኛው ዓይነት እርስ በርሱ ተጣብቆ ጉልበቱን አጥቷል ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ በጣት ይታወቃል። ቀለሙ በናሙና ሰሌዳ ላይ ተቀብቶ መድረቅ ሲጀምር፣ ማለትም እርጥበቱ ገና እያለ ማጣበቅ ሲጀምር፣ አንድ ትንሽ ቦታ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ጫፍ በክብ ይታሻል። የታሸው ቦታ ከዙሪያው የደመቀ እንደሆነ ተጣብቆ የነበረው ማቅለሚያው ነው፤ የነጣ እንደሆነ የተጣበቀው ነጩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ ልዩነት ካልታየ ደግሞ ድብልቁ ጤነኛ ነው። ብዙ ጊዜ ረዘም አድርጎ መምታትና ማቅጠኛ መቀነስ ይበቃል። ከዚያ በኋላም ልዩነቱ ካልጠፋ ማቅለሚያው ለዚያ ቀለም አይሆንምና መለወጥ ነው።

እንጨቱ ላይ ዝንጉርጉር ሆኖ ተቀመጠ

እዚህ ላይ ጣሳው ንጹህ ነው፣ ጥፋቱ የእንጨቱ መጠጣት ነው። ጥድንና በርችን የመሳሰሉ እንጨቶች በአንዱ ቦታ ብዙ፣ በሌላው ጥቂት ይጠጣሉ፤ የተቆረጠው ጫፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ስለሚጠጣ ይጠቁራል። ፒግመንት በተጨማሪ ጭረት ይወዳል። በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ከእንጨቱ መስመር ጋር ተሻግሮ የተፋቀ ገጽ ሳይቀባ ለስላሳ ቢመስልም ማቅለሚያው ሲያርፍበት እያንዳንዱ ጭረት ተስሎ ይወጣል። መፋቂያው በመስመሩ አቅጣጫ እስከ 150 ወይም 180 መድረስ አለበት፤ ከ220 በላይ ማለስለስ ግን ፒግመንቱ የሚይዝበትን ቦታ ስለሚያጠፋ መልኩ ፈዝዞ ይቀራል። የሚጠጣውን እንጨት ለማስታገስ ሰሙ የወጣለትን ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) በጣም አቅጥኖ አንድ እጅ መቀባትና ከደረቀ በኋላ በስሱ መፋቅ፣ ወይም እንደ ጄል የወፈረና ወደ ውስጥ የማይሰርግ ማቅለሚያ መጠቀም ይሻላል። አስቀድሞ የተዝጎረጎረውን በላዩ ጥቁር መልክ ጨምሮ ለመሸፈን መሞከር ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ያጎላዋል፤ እስከ ባዶ እንጨቱ ፍቆ እንደገና መጀመር ያሰለቻል፣ ነገር ግን ከዚያ የሚያንስ መፍትሄ አላውቅም።

በዚህ አጋጣሚ፣ በተልባ ዘይት የራሰ ማበሻ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ስለሚችል ወይ ተዘርግቶ ይደርቃል ወይ ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጣል።

ብሩሽ በተደራረበበት ቦታ ጠቆረ

ፒግመንት የገባበት ቫርኒሽ እንደ ባለቀለም መስታወት ነው፤ ሁለት ጊዜ ያረፈበት ቦታ ሁለት እጥፍ ይጠቁራል። ይህን የተማርኩት በራሴ እጅ ነው። የአንድ ቁም ሳጥን ስድስት በሮችን በአንድ እጅ ጨርሼ ለመገላገል ፒግመንቱን አብዝቼ ቀባሁ፤ በማግስቱ በቀን ብርሃን ሳየው በየበሩ መሃል የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቡናማ መቀነት ተጋድሞ ነበር፤ ብሩሹ የደረቀ ጠርዝ ላይ የተመለሰበት ቦታ ነው። በቀለሙ ላይ ምንም ጉድለት አልነበረበትም። ዛሬ የምፈልገውን መልክ ለሦስት እጅ እከፍለዋለሁ፣ በእያንዳንዱ እጅ ሲሶውን ብቻ አስገባለሁ፣ ብሩሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳላቋርጥ እወስደዋለሁ፣ ጠርዙም ሳይደርቅ ቀጣዩን አስከትላለሁ። የመጨረሻው እጅ ምንም ያልተጨመረበት ንጹህ ቫርኒሽ መሆን አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጭረት መልኩን ይዞት ይሄዳል። መቀነቱ አስቀድሞ ከወጣ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የጠቆረውን ብቻ በ320 ቀስ አድርጎ ማሳሳት ይቻላል፤ እጅ ከበዛበት ግን ነጭ ቦታ ይከፈታል።

አይደርቅም፣ ያጣብቃል

ግላይኮል ቶሎ የሚተን ነገር አይደለም፤ በብዛት ከገባ በሽፋኑ ውስጥ ተቀምጦ ያለሰልሰዋል፣ ከእንጨቱ ጋር ያለውን መያያዝም ያላላዋል። ስለዚህ የማቅለሚያው መጠን በአብዛኛው ከ5 በመቶ ባያልፍ ይመረጣል፣ አምራቹ በመለያው ላይ ሌላ ቁጥር ከጻፈ ግን የእሱ ይቀድማል። ሌላው ብዙም የማይታወቀው መንስኤ ጥቁሩ ነው። ካርቦን ብላክ ዘይት ቀለሙን የሚያደርቀውን የኮባልት ማድረቂያ ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ሲሠራ በደንብ ይደርቅ የነበረ ጥቁር ዘይት ቀለም ወራት ተቀምጦ ሲከፈት ሊዘገይ ይችላል። በላዩ ሌላ እጅ መደረብ የታችኛውን ያፍነዋል እንጂ አያደርቀውም። ሞቅ ያለና አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ መታገስ ይቀድማል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም በጥፍር ሲጫኑት የሚጎደጉድ ከሆነ ተፍቆ ይነሳል።

የወጣው መልክ የታሰበው አይደለም

ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ ሳለ ወተት የመሰለ ስለሆነ ፈዝዞ ይታያል፤ ሲደርቅ ማያያዣው ጠርቶ መልኩ ይጠቁራል። በጣሳ ውስጥ እያዩ መልክ ማስተካከል እንግዲህ ከንቱ ድካም ነው። እያንዳንዱ ሙከራ በሚቀባው ዓይነት እንጨት ወይም ሰሌዳ ላይ ተቀብቶ በፀጉር ማድረቂያ ይደርቅና በቀን ብርሃንም፣ ሥራው በሚቆምበት ክፍል መብራትም ይታይ፤ በአንዱ ብርሃን አንድ የሚመስሉ ሁለት መልኮች በሌላው ሊለያዩ ይችላሉና።

ደማቅ ቀይ ለማውጣት ነጭ ቀለም ላይ ቀይ የሚጨምር ሰው ሮዝ ያገኛል፣ አሁንም ቢጨምር የጠነከረ ሮዝ ያገኛል፣ ከዚያ የማቅለሚያው ጣሪያ አልፎ ቀለሙ መድረቅ ያቆማል። ለደማቅና ለጥልቅ መልኮች ነጩ ያነሰበት ወይም የሌለበት ቤዝ (መልክ ሊጨመርበት የተዘጋጀ መነሻ ቀለም) ያስፈልጋል፣ ከሥሩም ግራጫ አንድ እጅ ቢቀደም መሸፈኑ ይቀላል።

መልኩ ወደ ቀይ ከበዛ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ ከበዛ ሐምራዊ በጥቂቱ ይገባበታል፤ ይህ ግን መልኩን ስለሚያደበዝዘው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሞከራል። ፒግመንት ከገባ በኋላ አይወጣምና፣ ከዚያ በላይ ከራቀ ግማሹን ለይቶ ንጹህ ቤዝ መጨመር ይበልጣል። በጥቂቱ ብዙ የሚያቀልሙትን ፍታሎ ሰማያዊን፣ ፍታሎ አረንጓዴንና ጥቁርን በቀጥታ ከጠርሙሱ ማንጠብ በጣም አደገኛ ስለሆነ አንድ እጁ ፒግመንት፣ ዘጠኝ እጁ ያው ቫርኒሽ ሆኖ አስቀድሞ ይበጠበጣል፤ ያኔ የአንድ ጠብታ ስህተት ወደ አሥረኛው ይወርዳል።

ሁለተኛው ጣሳ ከመጀመሪያው ጋር ካልገጠመ ጥፋቱ በጠብታ መቁጠር ነው፤ የጠብታ መጠን እንደ አፉ ስፋትና እንደ ፈሳሹ ውፍረት ይለያያል። በ0.1 ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ 100 ግራም ቫርኒሽ 2 ግራም ፒግመንት ከፈለገ 1,000 ግራሙ 20 ይፈልጋል። ለአንድ ግድግዳ የሚሆኑት ጣሳዎች ሁሉ ከመቀባቱ በፊት በአንድ ባልዲ ቢቀላቀሉ ደግሞ የቀረችው ልዩነት ትጠፋለች።

ሥራው ካለቀ በኋላ የሚመጡት

ከቀናት በኋላ ጥቁር ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ቡናማ የሚያጣብቅ መስመር ከወረደ፣ ቀለሙ ሳይጠና ጤዛ ወይም እንፋሎት አግኝቶት ከማቅለሚያው የሚሟሟው ነገር ወጥቷል፤ በለብታ ውሃ ይታጠባል፣ አንዳንዴም ይደጋግማል፣ ቀለሙ ግን አልተበላሸም።

ከወራት በኋላ ሽፋኑ ሲላጥ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ዱቄት የመሰለ የፒግመንት ንብርብር ይገኛል። ማቅለሚያው ተቀብቶ ትርፉ በጨርቅ ሳይጠረግ የቀረበት ቦታ ነው፤ የሚይዘው ማያያዣ ስላላገኘ የላዩ ቫርኒሽ በአቧራ ላይ እንደተቀባ ይሆናል። ያ ቦታ እስከ ጠንካራው ድረስ ካልተፋቀ ምንም ቢደረብበት ተመልሶ ይላጣል።

መልኩ ከነጣ ወይም ከጠፋ ደግሞ የሚጠየቀው የፒግመንቱ ዓይነት ነው። የብረት ኦክሳይድ ቢጫ፣ ቀይና ቡናማ፣ ካርቦን ብላክ እንዲሁም የፍታሎ ሰማያዊና አረንጓዴ ፀሐይን ይችላሉ። አንዳንድ ደማቅ ቀይና ቢጫዎች ግን በነጭ ሲቀጥኑ ፀሐይ በቶሎ ያነጣቸዋል። ፕሩሺያን ሰማያዊ በአዲስ የሲሚንቶ ወይም የኖራ ልስን ላይ ይጠፋል፤ አጥፊው ፀሐይ ሳይሆን የልስኑ አልካሊ (ከኖራውና ከሲሚንቶው የሚመጣው የሚያቃጥል ነገር) ነው። ልስኑ ቢያንስ 28 ቀን እንዲቆይ ተደርጎ፣ አልካሊ በሚችል ቅድመ ቀለም አንድ እጅ ታሽጎ፣ ሰማያዊው በፍታሎ ይተካል።