የማላዊ ሐይቅን ዓሦች ቤት ውስጥ ለማኖር

ደማቅ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ! ምቡና የሚባሉት የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች (የአንድ ትልቅ የዓሣ ቤተሰብ አባላት) እንደዚህ ያማሩ ሆነው ጨዋማ ውሃ አይፈልጉም። ጠበኞች ግን ናቸው። ስለዚህ ትንሽ አኳሪየም አትግዙ፤ ቢያንስ 200 ሊትር የሚይዝ፣ ርዝመቱም 120 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ፈልጉ።

ሐይቁ ውስጥ የሚኖሩት ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ነው፤ እናንተም ዋሻ የበዛበት የድንጋይ ክምር ሥሩላቸው። ድንጋዩን መጀመሪያ አስቀምጡ፣ አሸዋውን ከዚያ በኋላ ጨምሩ፤ ምክንያቱም መቆፈር ስለሚወዱ ድንጋዩ አሸዋ ላይ ከቆመ ከሥሩ ቦርቡረው ይንዱታል፣ መስታወቱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ውሃው ማዕድን የበዛበት፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.8 እስከ 8.5፣ ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ዓሣ ከማስገባታችሁ በፊት ፊልተሩን አስነሱ፤ ትንሽ የዓሣ ምግብ እየጣላችሁ ምግቡ ሲበሰብስ የሚመጡት፣ ዓሣን የሚመርዙት አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ ጠብቁ፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እባካችሁ ይቺን አትዝለሏት። ከዚያ በየሳምንቱ ከውሃው 30 በመቶ ያህሉን ቀይሩ፣ የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑን አጥፉለት።

ለአንድ ወንድ ቢያንስ ሦስት ሴት አድርጉ፣ አለበለዚያ አንዷን እያሳደደ ይጨርሳታል።

ምቡና በዋናነት አልጌ በሊታ ስለሆነ ስፒሩሊና (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ) ያለበት ምግብ በትንሽ በትንሹ ስጡት። የበሬ ወይም የዶሮ ሥጋ ግን በፍጹም፤ ሆዱን ይነፋዋል፣ ይገድለዋልም።

አንዷ ሴት አገጯ አብጦ መብላት ካቆመች አትደንግጡ። እንቁላሎቿን አፏ ውስጥ ታቅፋ ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ተዉአት።